መጤ ወራሪ ዕፀዋትን ከመንቀላችን በፊት ማንነታቸውንና መነሻቸውን እንወቅ

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለግብርና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን

ግልባጭ፦ ለክልል ግብርና ቢሮዎች፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ጉዳዩ ለሚያሳስበው ሕዝብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የመጤ ወራሪ ዕፀዋት ዝርያ ልየታና የመነሻ ጥናት መደበኛና በጀት ያለው ሥራ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

የዕፀዋት አመዳደብ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሐይቆቻችን፣ በግጦሽ መሬታችንና በእርሻ ማሳዎቻችን ላይ እየተስፋፉ ያሉትን መጤ ወራሪ ዕፀዋት ለመግታት የምናደርገው ጥረት ሁሉ አንድ መሠረት ጎድሎታል ብዬ ስለማምን ነው። በጣና ዙሪያ ገበሬው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ እምቦጭን በእጁ ነቅሏል፤ ወጣቶችና የመንግሥት ሠራተኞች በዘመቻ ወጥተዋል፤ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ገዝተው ልከዋል። በአፋርም ፕሮሶፒስ የተባለውን ወራሪ ዛፍ መቁረጥ፣ መንቀል፣ ከሰል አድርጎ መሸጥ፣ ፍሬውን ፈጭቶ ለመኖ ማዋል ተሞክሯል። ይህን ድካም አከብራለሁ። ነገር ግን የምንዋጋው ተክል በትክክል የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ ከየትኛው የዓለም ክፍል፣ በምን መንገድና ስንት ጊዜ እንደገባ የመመርመሩ ሥራ፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍና በውጭ ገንዘብ ለሚደገፉ አጫጭር ፕሮጀክቶች የተተወ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ናሙናው ይጠፋል፣ መረጃውም ይበተናል፣ ቀጣዩም ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል።

የዝርያን ስም ማጣራት የምሁራን ቅንጦት ነው፤ አረም አረም ነው፤ ነቅሎ መጣል ነው የሚል አስተያየት በተለያዩ ስብሰባዎች ላይ ሰምቻለሁ። ለዚህ አስተያየት ከሁሉ የበለጠ መልስ የሚሰጠው በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ የሚገኘው የካሪባ ሐይቅ ታሪክ ስለሆነ፣ ሰፋ አድርጌ እንዳቀርበው ይፈቀድልኝ።

በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የተሠራው የካሪባ ግድብ ውኃ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ ላይ ነበር። ወዲያው በሚቀጥለው ዓመት በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ሳልቪኒያ የተባለ የፈርን ዓይነት ታየ፤ በ1962 ደግሞ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሐይቁን ገጽ ሸፈነው። የዘመኑ ባለሙያዎች ተክሉን ሳልቪኒያ አውሪኩላታ ብለው መደቡት። በዚህ ስም መሠረት ሳልቪኒያ አውሪኩላታ በተፈጥሮ ከሚበቅልባቸው ከትሪኒዳድና ከጋያና ተክሉን የሚበሉ ነፍሳት ተሰብስበው ወደ አፍሪካ መጡና ተለቀቁ። ከእነርሱ አንዷ ጥንዚዛ በቦትስዋና ተላምዳ ብትራባም አረሙን ልትገታው አልቻለችም። ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር፣ ማለትም አረምን በተፈጥሮ ጠላቶቹ መግታት፣ በዚህ አረም ላይ አይሠራም ወደሚለው ድምዳሜ የተጠጉ ብዙዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ዲ. ኤስ. ሚቸል የተባለው ተመራማሪ ይህ ተክል ሳልቪኒያ አውሪኩላታ አለመሆኑን አሳይቶ ሳልቪኒያ ሞለስታ የሚል አዲስ ስም ሰጠው። ስሙ ሲስተካከል ፍለጋውም አቅጣጫውን ለወጠ፤ በ1978 የተክሉ የተፈጥሮ መኖሪያ በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ተገኘ። በዚያ ስፍራ በተክሉ ላይ የምትኖር ጥንዚዛ ተሰበሰበች፤ መልኳ ቀድሞ ከተሞከረችው ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል በመጀመሪያ ያችው ናት ተብላ ነበር። በ1980 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በሚገኘው የሙንዳራ ሐይቅ ላይ ስትለቀቅ ግን ከአንድ ዓመት ብዙም ባልዘለለ ጊዜ ውስጥ ሐይቁን የሸፈነውን በአሥር ሺዎች ቶን የሚገመት አረም አወደመችው። ቀጥሎም በፓፑዋ ኒው ጊኒ በሴፒክ ወንዝ ሐይቆች ላይ 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሸፈነው አረም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተወገደና በአረሙ ምክንያት ዓሣ ማጥመድና በታንኳ መጓዝ አቅቷቸው የነበሩ መንደሮች ወደ ኑሯቸው ተመለሱ። በኋላ በ1985 ጥንዚዛዋም ራሷን የቻለች ሌላ ዝርያ መሆኗ ተረጋግጦ የራሷ ስም ተሰጣት። እንግዲህ ሃያ ዓመት ገደማ የባከነው የተክሉ ስም፣ ቀጥሎም የነፍሳቷ ስም በመሳሳቱ ነበር። ገንዘብም፣ ጉልበትም፣ ቅን ፍላጎትም አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው ተክሉን በትክክል መለየት ብቻ ነበር።

ወደ አገራችን ስመለስ በመጀመሪያ የማነሣው ፓርቴኒየምን ነው። በአንዳንድ የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች ቅንጬ አረም፣ በኦሮሚያ ደግሞ ፋራምሲሳ የሚባለው ይህ አረም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ መታየት ከጀመረ ወዲህ ሐረርጌን፣ ወሎን፣ ሸዋንና ሌሎች አካባቢዎችን አዳርሷል። አንድ ተክል ብቻውን ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ማሳዎች ላይ የተደረገ ጥናት አረሙ ሳይነቀል ሲቀር የማሽላው ምርት እንደ ቦታውና እንደ ዓመቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሰው ሲነካው ቆዳን ያሳክካል፣ የአበባው ዱቄት መተንፈሻን ይጎዳል፣ ከብት ሲበላው ወተቱ ይመርራል።

ይህ አረም እንዴት ገባ ለሚለው ጥያቄ በሁላችን አፍ ያለው መልስ በድርቁ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር መጣ የሚለው ነው። መልሱ ምክንያታዊ ነው፤ አረሙ በመጀመሪያ ከታየባቸው ስፍራዎች መካከል የእህል ማከፋፈያ ጣቢያዎች አካባቢ ይገኙበታልና። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጋር ገብቷል የሚል ሌላ ግምትም አለ። ሁለቱም ግምቶች እስከ ዛሬ ግምት ሆነው የቀሩት፣ ለማረጋገጥ የሚያስችል የናሙናና የዘረመል ማስረጃ በሚገባ ተደራጅቶ ስላልተፈተሸ ነው። በሕንድ ተመሳሳይ ታሪክ ይነገር ነበር፤ ፓርቴኒየም በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ስንዴ ጋር ገባ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተጽፏል። ይሁንና በዕፀዋት ናሙና ማኅደሮች ውስጥ በተደረገ ፍለጋ ተክሉ በሕንድ ምድር ከዚያ አስቀድሞ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጭምር፣ ተሰብስቦ እንደነበረ ታወቀ። ይህ ማለት ስንዴው ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም፤ የኋለኛው መምጣት አዲስና የበለጠ አጥቂ የሆነ ዘር አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ገባ ብሎ ማሰብ ስሕተት መሆኑን ያሳያል።

አውስትራሊያ ይህን ልዩነት በተግባር ያየች አገር ናት። ፓርቴኒየም ወደ ኩዊንስላንድ የገባው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ፣ ሌላው ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቴክሳስ ከመጣ የግጦሽ ሣር ዘር ጋር። የመጀመሪያው ለረጅም ጊዜ በተወሰነ አካባቢ ተወስኖ ሲቆይ፣ የሁለተኛው ዘር ግን ሰፊ የግጦሽ መሬት ወረረ። ስሙ አንድ፣ ዝርያው አንድ ሲሆን የመነሻ ልዩነት ይህን ያህል የባሕርይ ልዩነት ያመጣል። እኛ ዘንድ በወሎና በሐረርጌ የሚበቅለው ፓርቴኒየም ከአንድ ምንጭ ነው ወይስ ከተለያየ? መልሱ ከኬላና ከወደብ ጀምሮ ያለውን አሠራራችንን ይወስናል። ከእህል ጋር የመጣ ከሆነ ትኩረታችን የጭነት እህል ምርመራ ላይ ይሆናል፤ ከተሽከርካሪና ከመንገድ ሥራ መሣሪያ ጋር የሚጓዝ ከሆነ የማሽን እጥበትና የአሸዋና ጠጠር ቁጥጥር ላይ፤ ሁለቱም ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ላይ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወለንጪቲ አካባቢ ፓርቴኒየምን ብቻ ለይታ የምትበላ ጥንዚዛ መለቀቋ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ለዚህ የደከሙ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና ነፍሳቱ በአንድ ስፍራ ሰምረው በሌላ ስፍራ ቢሰንፉ፣ ምክንያቱ የአየር ንብረቱ ነው ወይስ የአረሙ ዘር ልዩነት ብለን ለመጠየቅ እንኳ የየአካባቢውን አረም የዘረመል መረጃ መያዝ ያስፈልገናል።

የፕሮሶፒስ ጉዳይ ከዚህም የተወሳሰበ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ እርሻዎች አካባቢ ለጥላ፣ ለንፋስ መከላከያና ለማገዶ ተብሎ የተተከለው ይህ የአሜሪካ ምድር ዛፍ ዛሬ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሯል። ከብትና ፍየል ጣፋጩን ፍሬ ይበላሉ፣ ጠንካራው ዘር በሆዳቸው አልፎ ከእበቱ ጋር ይወድቃል፣ ጎርፉም ያዳርሰዋል። የአፋር አርብቶ አደር የግጦሽ ሣሩን፣ የወንዝ ዳር መሬቱንና የከብቱን መንገድ ያጣው በዚህ ዛፍ ነው። በእቅድና በሪፖርት ላይ ሁላችንም ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ እያልን እንጽፋለን። ነገር ግን በምሥራቅ አፍሪካ የተተከለው ሁሉ ጁሊፍሎራ አይደለም፤ መልኩ እጅግ የሚመሳሰለው ፕሮሶፒስ ፓሊዳም በቀጣናው ይገኛል፣ ሁለቱም ይዳቀላሉ። በቅጠልና በፍሬ ብቻ እነርሱን መለየት ለሠለጠነ ዓይንም አስቸጋሪ ነው። በክሮሞዞም ቁጥር ግን ይለያሉ፤ ጁሊፍሎራ 56፣ ፓሊዳ 28 ክሮሞዞም አላቸው። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በስፋት የወረሩት ሌሎች የዚሁ ወገን ዝርያዎችና ዲቃሎቻቸው ናቸው። ስለዚህ በደቡብ አፍሪካ የሠራ ዘዴ፣ በተለይም ሥነ ሕይወታዊ ዘዴ፣ አፋር ላይ እንዲሁ ይሠራል ብሎ መገመት የካሪባን ስሕተት መድገም ነው።

በዚህ ላይ ሳይንሳዊ ስሙም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ የአመዳደብ ጥናት ፕሮሶፒስ የሚባለው ሰፊ ወገን ተከፋፍሎ፣ ጁሊፍሎራ ኔልቱማ ጁሊፍሎራ ተብሏል። ፕሮሶፒስ የሚለው ስም የቀረው ለጥቂት የእስያ ዝርያዎች ሲሆን ከእነርሱ አንዱ ጋፍ የሚባለው፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ብሔራዊ ዛፍ ነው። እዚያ አገር ጋፍ በሕግ ይጠበቃል፤ ጁሊፍሎራ ደግሞ እንደ ወራሪ ይታያል፤ ሁለቱ ግን ለማያውቅ ሰው በሩቁ ይመሳሰላሉ። እምቦጭም ቀድሞ አይኮርኒያ ክራሲፔስ ይባል የነበረው አሁን ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ተብሏል። የስም ለውጥን የሚከታተልና ለወረዳ ባለሙያ፣ ለጉምሩክ ሠራተኛና ለሕግ አርቃቂ የሚያሳውቅ አንድ ክፍል ከሌለ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት በአሮጌው ስም፣ ሌላው በአዲሱ ስም እየጻፈ መረጃው ሳይገናኝ ይቀራል።

እምቦጭን በተመለከተ ሐሳቤ ከላይ ካልሁት ይለያል። የመነሻው ስፍራ የታወቀ ነው፤ የአማዞን ተፋሰስ ነው። በአገራችን በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ መኖሩ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን በጣና ላይ ግን የታየው በ2011 ነው። በዓለም ዙሪያ የተደረገ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ ከተፈጥሮ መኖሪያው ውጭ የተስፋፋው እምቦጭ በአብዛኛው ከግንድ እየተቆረጠ የሚራባ፣ የዘር ልዩነት የሌለው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የጣናው እምቦጭ ከቆቃ መጣ ወይስ ከሱዳን፣ ወይስ በጌጥ ተክልነት ተወስዶ ተጣለ የሚለውን በዘረመል ምርመራ ብቻ ለማወቅ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም። ለዚህ የሚያስፈልገው የሰው ምስክርነት፣ የጀልባና የመረብ ዝውውር መዝገብ፣ የቆዩ የሳተላይት ምስሎችና የዓሣ አጥማጆች ትውስታ ነው። በዙሪያው ያሉ ሽማግሌዎች አረሙን መቼ፣ በየትኛው ዳርቻ እንዳዩት ያስታውሳሉ፤ ይህን ትውስታ በጥንቃቄ የሚመዘግብ ሰው ካልተመደበ ከእነርሱ ጋር ይጠፋል። ዘሩ በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ መንገዱን ሳንዘጋ በየዓመቱ ብናጭደው እንኳ ሥራው አያልቅም።

እስካሁን ያልኩት ስለ ጎደለን ነው። ያለን ሀብት ግን ትልቅ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፀዋት ናሙናዎች ማኅደር) የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጻሕፍት ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ፣ ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስና በርካታ የአገር ውስጥና የውጭ ምሁራን በጋራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን አንድ በአንድ ገልጸውልናል፤ ከእነዚህም ውስጥ አሥር በመቶ የሚሆኑት በዚህ ምድር ብቻ የሚገኙ ናቸው። ብዙ የአፍሪካ አገሮች እንዲህ የተጠናቀቀ ሥራ የላቸውም። አንድ አዲስ ተክል ሲመጣ «ይህ ከዚህ በፊት በአገራችን ነበረን?» ብለን የምንጠይቀው ይህን ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ የገቡትን፣ የተስፋፉትንና ስማቸው የተለወጠውን ዝርያዎች የሚጨምር ቋሚ የማደሻ ሥራ ግን ያስፈልገዋል። እስካሁን ድረስ ይህ ሥራ በጥቂት ባለሙያዎች ትከሻ ላይ ወድቋል፤ ብዙዎቹም ወደ ጡረታ የተጠጉ ናቸው። ከዚያም አልፎ፣ ከ1830ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትግራይና በስሜን እየተዘዋወረ ተክል የሰበሰበው ጀርመናዊው ሺምፐርና ከእርሱ በፊትና በኋላ የመጡ ተጓዦች የሰበሰቧቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ሙዚየሞች ይገኛሉ። አንድ ተክል በእነዚያ ናሙናዎች ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ የመግቢያ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል፤ ከደረቀው ቅጠልም ዘረመል ማውጣት ይቻላል። ምስላቸው በሥርዓት እንዲደርሰን በመንግሥት ደረጃ ስምምነት ቢደረግ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው።

ትክክለኛ ልየታ የሚጠቅመው ወራሪውን ለማወቅ ብቻ አይደለም። የራሳችንን ተክል በስሕተት ጠላት እንዳናደርገውም ነው። ዘመቻ ሲታወጅ የጣና ዳርቻ ደንገል ከእምቦጭ ጋር አብሮ ሲታጨድ፣ የወንዝ ዳር አገር በቀል ዛፍ ከፕሮሶፒስ ጋር አብሮ ሲቆረጥ ጉዳቱ ድርብ ነው። አቀንጭራ የገበሬውን ማሽላ የሚያጠፋ ክፉ አረም ቢሆንም መጤ አይደለም፤ መነሻው የኢትዮጵያና የሱዳን ምድር እንደሆነ ይታሰባል፤ መድኃኒቱም የተገኘው ከውጭ ነፍሳትን በማምጣት ሳይሆን በማሽላ ዝርያ ማሻሻል ነው፤ ለዚህ ሥራ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። በቦረና የግጦሽ መሬትን የሚወርሩት ቁጥቋጦዎችም ብዙዎቹ አገር በቀል ግራሮች ናቸው፤ መፍትሔአቸው የእሳትና የግጦሽ አያያዝ እንጂ የኳራንቲን ሕግ አይደለም። በተቃራኒው ባሕር ዛፍ፣ በርበሬ፣ በቆሎና ድንች መጤዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም መጤ ወራሪ አይደለም። ከማዳጋስካር የመጣው በአዋሽ አካባቢ ዛፎችን እየጠመጠመ የሚገድለው የክሪፕቶስቴጂያ ሐረግ ግን መጤም ወራሪም ነው፤ ሆኖም ከፕሮሶፒስ አንጻር የሚወራለት በጣም ጥቂት ነው። እነዚህን ልዩነቶች የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ብሔራዊ መዝገብ ያስፈልገናል።

ስለ መሣሪያዎቹም ጥቂት ልበል። ዛሬ ብዙ ወጣት ባለሙያዎች የዘረመል ባርኮድ፣ ማለትም ዝርያን በአጭር የዘረመል ክፍል መለየት፣ ሁሉን ይፈታል ብለው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለዕፀዋት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመረጡት ሁለቱ የባርኮድ ክፍሎች የሚገኙት ክሎሮፕላስት በተባለው፣ ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን በሚያዘጋጅበት አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል ውስጥ ነው። ክሎሮፕላስት በአብዛኞቹ የአበባ ዕፀዋት ከእናት ብቻ ስለሚወረስ ዲቃላን አያሳይም፤ በቅርብ የሚዛመዱ ዝርያዎችንም ብዙ ጊዜ አይለይም። የፕሮሶፒስ ዲቃላ በዚህ መንገድ ቢመረመር የእናቱን ስም ብቻ ይነግረናል። ስለዚህ ባርኮዱ በደረቀ ናሙና፣ በክሮሞዞም ቆጠራና በሌሎች የዘረመል ምልክቶች ሊደገፍ ይገባል። በስልክ ፎቶ አንሥቶ ስም የሚነግሩ መተግበሪያዎችም ለመነሻ ፍንጭ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የሠለጠኑት በብዛት በአውሮፓና በአሜሪካ ፎቶዎች ስለሆነ የእኛን አገር በቀል ተክል በሌላ ስም ሲጠሩት አይቻለሁ። ለውሳኔ የሚበቃው በባለሙያ የተረጋገጠና በሄርባሪየም የተቀመጠ ናሙና ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርቼ ለየመሥሪያ ቤታችሁ የማቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው።

የግብርና ሚኒስቴርና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለማንኛውም የአረም ማስወገድ ዘመቻ ወይም ፕሮጀክት በጀት ሲፈቅዱ፣ ከእያንዳንዱ የሥራ ቦታ የተሰበሰበ የማረጋገጫ ናሙና በብሔራዊ ሄርባሪየም እንዲቀመጥ የግዴታ ቅድመ ሁኔታ ቢያደርጉ፣ ወጪው ከአንድ የማሽን ጥገና የማይበልጥ ሲሆን ጥቅሙ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በበኩሉ ከሄርባሪየሙ ጋር ሆኖ የመጤ ዕፀዋት ብሔራዊ መዝገብ ቢያዘጋጅ፣ በመዝገቡም ላይ ሳይንሳዊ ስም ብቻ ሳይሆን የአፋርኛ፣ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የሶማልኛ፣ የትግርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ስሞች፣ መጀመሪያ የታየበት ቦታና ዓመት፣ የመነሻ ምድርና የመግቢያ መንገድ ከማስረጃው ጥንካሬ ጋር ቢሰፍር፣ የወረዳ ባለሙያው በአንድ ቦታ ሁሉን ያገኛል።

የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን የምለምነው በኬላና በአየር ማረፊያ በኳራንቲን ምርመራ የሚያዙት ዘሮችና ተክሎች ከመቃጠላቸው በፊት ናሙናቸው፣ የመጡበት አገርና የጭነቱ ዓይነት ተመዝግቦ ለልየታ እንዲላክ ነው። ዛሬ የሚያዘው ዘር ነገ ስለሚመጣው አረም ከሁሉ ቀድሞ የሚነግረን እርሱ ነው። በውጭ አገር የምንኖር ወገኖችም ወደ አገር ስንመጣ የምናመጣው የአበባና የአትክልት ዘር በዚህ ሥርዓት እንዲያልፍ መተባበር ይገባናል፤ መልካም ተብለው የተተከሉ የጌጥ ተክሎች ወራሪ ሆነው የተገኙበት ብዙ ጊዜ ነው፤ የወፍ ቆሎ ለዚህ ምስክር ነው። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የሚተከሉት ችግኞችም ከየትኛው ችግኝ ጣቢያ፣ ከየትኛው የዘር ምንጭ፣ በየትኛው ዝርያ ስም እንደወጡ ተመዝግቦ ለሕዝብ ክፍት ቢሆን፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ እኛ ዛሬ ስለ ፕሮሶፒስ እንደምንጨነቀው አይጨነቅም።

አንድ የሕግ ጉዳይም አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገራችንን ሀብት ከዝርፊያ የሚጠብቅ መልካም አዋጅ ስለሆነ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የወራሪ ተክል መነሻ ጥናት የሚሠራው የእኛን ናሙና ከተክሉ የትውልድ አገር ናሙና ጋር በማነጻጸር ነው። ከአሜሪካ መጥቶ መሬታችንን የወረረ አረም ቅጠል ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ለመላክ ለኮሶ ወይም ለቡና ዘር የሚያስፈልገውን ዓይነት ፈቃድ መጠየቅ ጥናቱን ያዘገየዋል። በዝርዝር ለታወቁ መጤ ዝርያዎች አጭርና ግልጽ የፈቃድ መንገድ ቢዘጋጅ፣ ውጤቱም ወደ አገር እንዲመለስ ቢደረግ፣ ሕጉም ጥናቱም ይጠበቃሉ። በተጨማሪም አገራችን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል የጸደቀው የዓለም የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ አካል ናት፤ በማዕቀፉ ስድስተኛ ግብ መሠረት እስከ 2030 ድረስ የወራሪ ዝርያዎች መግቢያና ሥር መስደድ ቢያንስ በ50 በመቶ መቀነስ ይኖርበታል። ስንቱ እንደገባ ሳናውቅ ግማሹን ቀነስን ማለት አንችልም።

ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም። ፓርቴኒየም በክረምት አበባ ሲያወጣ፣ ከመተሐራ በአዋሽና በሚኤሶ አድርጎ እስከ ድሬዳዋ ባለው መንገድና የባቡር ሐዲድ ዳር፣ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ባለው መንገድ ዳርም፣ በየተወሰነ ርቀት ናሙና መሰብሰብ ይቻላል። እያንዳንዱ ናሙና ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ለብሔራዊ ሄርባሪየም፣ አንዱ ለአካባቢው ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ደግሞ ቅጠሉ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ደርቆ ለዘረመል ምርመራ። የሐሮማያ፣ የወሎና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ክረምት ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አፋር ላይ ከአሚባራ እስከ ገዋኔ ለፕሮሶፒስ እንዲሁ ቢደረግ፣ የመጀመሪያዎቹን ዛፎች የተከሉና ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት እያሉ ምስክርነታቸው ከናሙናው ጋር ይመዘገባል። እኔም ሆንሁ በሙያው ያሉ ባልደረቦቼ ናሙና ለመለየትና ወጣት ባለሙያዎችን በመስክ ለማሠልጠን ያለ ክፍያ ለመተባበር ዝግጁ ነን። ጥያቄዬን ተመልክታችሁ፣ ሥራውን በኃላፊነት የሚይዘው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣

የዕፀዋት ሳይንስ መምህር